ኦሪጅናል ሽማግሌ

ጉደታና ዋቅጋሪ በዚያ ዓመት ያልታረቁበት ከተማ የለም። አዲስ ዓለም ታረቁ። ጊንጪ ታረቁ። አምቦ ሜዳ ላይ ዝናብ እየመታቸው ታረቁ። ጉደር ላይ ደግሞ የክብር እንግዳው አርፍዶ ስለመጣ «እንደገና ይታይልን» ተብሎ በአንድ ቀን ሁለቴ ታረቁ። ከመድረክ ሲወርዱ ግን አንዱ የሚኒባሱን የፊት ወንበር ይይዛል፣ ሌላው መጨረሻ ወንበር ላይ ይወሸቃል፣ እኔ መሃል ተቀምጬ የሁለቱን ቃል አመላልሳለሁ።

«እቴቴ፣ ያንን ሰውዬ መስኮቱን ይዝጋ በይው።»

«እቴቴ፣ ለዚያ ሰውዬ ይሞቀኛል በይው።»

በመሃላቸው ያለው ሁለት ወንበር ነው። ሁለቱም ጆሮ አላቸው፣ ሁለቱም ይሰማማሉ። እኔ ካልደገምኩት ግን እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ስሜ ወለተ ማርያም ነው፤ ትልቁም ትንሹም የሚጠራኝ ግን እቴቴ እያለ ነው። የአምቦ ልጅ ነኝ። ሰው አስተማሪ ነኝ፣ ነርስ ነኝ እንደሚለው የእኔ ሥራ ፌስቲቫል ነው። በምዕራብ ሸዋ ድንኳን ተተክሎ ድምፅ ማጉያ ከጮኸ እኛ እዚያ አለን፦ እኔ፣ ጉደታ፣ ዋቅጋሪ፣ ጥሩሰውና አንድ ፈረስ። የፌስቲቫሉ ስም በየጊዜው ይቀየራል። መጀመሪያ «የባህል ህዳሴ ፌስቲቫል» ይባል ነበር። ኋላ የህዳሴ ፋሽኑ ሲያልፍ አዘጋጆቹ ሸራውን መጣል አሳሳቸውና ቃሉ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰፍተው ሌላ ቃል አጻፉበት። ነፋስ ሲመጣ ጨርቁ ይገለብና ህዳሴ ብቅ ይላል። ያኔ አንድ ሰው ሮጦ ሄዶ በእጁ ይሸፍነዋል።

ጠዋት ጠዋት ጥንታዊ ዕቃ እሸጣለሁ። ጥንታዊነቱ ካለፈው ሐሙስ ይጀምራል። ጋሻው ከጄሪካን ተቆርጦ የፍየል ቆዳ የለበሰ ነው፤ የአንበሳ ጎፈር የምለው በሻይ ቅጠል የተነከረ የበግ ጠጉር ነው። እንግዳ መጥቶ «ይሄ የማን ነበር?» ሲለኝ «የቅድመ አያቴ» እላለሁ። ቅድመ አያቴ ያን ሁሉ ጋሻ የት ያስቀምጥ እንደነበር እግዜር ይወቅ። የሚገዛኝም ሰው ያመነኝ አይመስለኝም፤ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ እሱም በተራው «የቅድመ አያቴ ነው» ሊል ነው።

ከሰዓት በኋላ ትርዒት አለ። ትርዒታችን የጉማ እርቅ ነው፤ በደም የተፈላለጉ ሰዎች በሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚታረቁ ማሳየት። ዋቅጋሪ በድንበር ጠብ የጉደታን ወንድም ይገድልና በፈረስ ይሸሻል። ኋላ ጸጸቱ መልሶ ያመጣውና ሬሳው ላይ ወድቆ ያለቅሳል። እኔ የሟች እናት ነኝ፣ ሲንቄዬን ይዤ እቆማለሁ። ሲንቄ ያገባች ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው፤ ሴት እሱን ይዛ ጠበኞች መሃል ከቆመች የሚያልፋት ወንድ የለም። የእኔን የሠራልኝ አምቦ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። ከዚያ ጥሩሰው ሽማግሌ ሆኖ ጺሙን በማስቲሽ ለጥፎ ይገባል፣ ያስታርቃል፣ ይመርቃል። በመጨረሻ ገዳይና የሟች ወንድም ከአንድ ቀንድ ዋንጫ ጠላ ይጠጣሉ። እልል ይባላል። መድረክ ላይ ከአንድ ዋንጫ የጠጡት ሰዎች ማታ ምግብ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛ ይለያያሉ።

ስለ ሬሳውም ልናገር። ሬሳው ያልተሸጠ ዕቃዬ ነው። ጆንያ ውስጥ ከትቼ ነጭ ነጠላ አለብሰዋለሁ። ገበያ ደህና የዋለ ቀን ሟቹ ቀጭን ነው፤ ገበያ የጠፋ ቀን ሁለት ሰው የሞተ ይመስላል።

ስለ ፈረሱም። ወንጪ ሐይቁ ላይ ቱሪስት ሲያመላልስ የኖረ ፈረስ ነው፤ ስልክ ያወጣ ሰው ካየ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፎቶው እስኪነሳ ንቅንቅ አይልም። ድርሰቱ «ገዳይ በፈረስ እየጋለበ ይሰወራል» ይላል። ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ስልኩን አውጥቶ ይጠብቃል። ገዳያችን የፈረሱን ጎን በተረከዙ እየጠለዘ ቀስ ብሎ ነው የሚሰወረው።

የዋቅጋሪ ለቅሶ ግን ቀልድ አይደለም። የመድረኩ መሪ ዘሩባቤል ሁልጊዜ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም!» ብሎ በድምፅ ማጉያ ያስገባዋል፤ እውነትም ለእሱ አይገድም። አባቱን የቀበረ ሰው እንደዚያ አያለቅስም። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ተማሪዎች ስልካቸውን ዝቅ አድርገው ይነፈርቃሉ። ያን ለቅሶ እያየ የማያለቅሰው አንድ ጉደታ ብቻ ነው። ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ሕዝቡ «ቂሙን እንዴት አሳምሮ ተጫወተው!» ይላል።

ጉደታ አይጫወትም።

ከሦስት ዓመት በፊት የጉደታ እናት እጃጂ ላይ አረፉ። አዮ ጂቱ ነበር የምንላቸው፤ አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ጉዟችን ወደዚያ ሲሆን ሁላችንም የምናድረው እሳቸው ቤት ነው፤ ዋቅጋሪን ከልጃቸው ለይተውት አያውቁም። እንዲያውም አሹቁንና ቂጣውን በስሙ ለብቻ ያስቀምጡለት ነበር። ዋቅጋሪ እናቱን የሚያውቃት በስም ብቻ ነውና አዮ ሲላቸው አፉን ይጣፍጠው ነበር። እኔ መርዶውን ጊንጪ ላይ በጠዋት ሰማሁ፤ ዕቃዬን ከነጆንያው ትቼ በረርኩ። ዋቅጋሪ ፈረሱን ይዞ ከወንጪ ገና አልደረሰም ነበር።

ቀብሩ ላይ አልመጣም። ጉደታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ቀና ይል ነበር። አልመጣም። በዚያው ቀን ማታ አንዱ ለቀስተኛ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየው። ዋቅጋሪ ጊንጪ መድረክ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ጆንያ አቅፎ እየተንሰቀሰቀ ነው። አንደኛ ወጥቶ ተሸልሟል። የአዮ ሬሳ ከቤት ሲወጣ ዋቅጋሪ ለእኔ ጋሻና ጎፈር ያለቅስ ነበር ማለት ነው። በሣልስቱ አልመጣም። በአርባውም አልመጣም። ይባስ ብለው አዘጋጆቹ ያችን የለቅሶ ፎቶ ወደዷትና በቡድናችን ባነር ላይ አሳተሟት፤ በሄድንበት ሁሉ ከበስተኋላችን ትሰቀላለች።

ሰው ሠርግህ ላይ ቢቀር ይረሳል። ለቅሶ ካልደረሰህ ግን አይረሳም። እኔ ሁለቱን በየግላቸው ጠይቄ ደክሞኛል። ጉደታ «ያውቀዋል» ይላል። ዋቅጋሪ የፈረሱን ጋማ ማበጠር ይጀምራል። እነዚህን ሁለት ልጆች ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ በአንድ ብርድ ልብስ ሲተኙ፣ በአንድ ሲጋራ ሲሳሳቁ አይቻለሁ። አንጀቴ ያርር ነበር። በመጨረሻ ጉደታ «እቴቴ፣ ጌዶ የመጨረሻዬ ናት። እጃጂ ገብቼ ባጃጅ እነዳለሁ። የዚህን ሰው እንባ ከዚህ በኋላ አላይም» አለኝ። ባጃጁንም ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ከጌዶ በኋላ ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ እንኳ ቢተላለፉ አንገት ሊደፋፉ ነው። ያን እያወቅሁ ነው ጌዶ የገባሁት።

ጌዶ ላይ ጥሩሰው ከሽማግሌነት ተነሳ። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ሲመርቅ ጺሙ ተላቆ ጠላው ውስጥ ገብቶበት ነበር፤ ያም በፌስቡክ ወጥቶ አዘጋጆቹን አሳፍሯቸዋል። ዘሩባቤል ገና ከሚኒባስ ሳንወርድ ነው የነገረን።

«ዘንድሮ የክብር እንግዳው ትልቅ ሰው ናቸው። ፎርጅድ አይፈልጉም። ኦሪጅናል ሽማግሌ አምጥተናል።»

ጥሩሰው ጺሙን በፌስታል እንደያዘ ቀረ። «አሥር ዓመት ሕዝብ አስታርቄ እኔ ፎርጅድ ነኝ?»

«አታስብ፣ አንተ ሬሳ ትሆናለህ። ጆንያውም ኦሪጅናል አይደለም ተብሏል።»

ኦሪጅናሉ ሽማግሌ ኦቦ ሆርዶፋ ናቸው። ከጌዶ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ በፈረስ መጥተዋል፤ በእሳቸው እጅ ያልበረደ ጠብ በአካባቢው የለም ይባላል። ዘሩባቤል ጥሩ ሥራ የሠራ መስሎት ነበር። ስሕተቱ ግን እሳቸውን ያመጣቸው «የተጣሉ ሰዎች አሉ፣ መጥተው ያስታርቁልን» ብሎ መሆኑ ነው። ትያትር ነው ቢላቸው እምቢ ይሉኛል ብሎ ፈራ። ከመጡ በኋላ ያው ሽማግሌ ናቸው፣ ይመርቃሉ፣ ያልቃል ብሎ አሰበ።

ጋቢ እንዳለብሳቸው ወደ እኔ ተላኩ። ጋቢው ከእኔው የተገዛ ነው፣ «ባህላዊ» የሚለው ወረቀት ገና አልተነቀለም። ኦቦ ሆርዶፋ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

ዘሩባቤል ጆሯቸው ስር ገብቶ «ኦቦ፣ ፕሮግራሙ ላይ ሰባት ደቂቃ አለዎት» አላቸው።

«ሰባት ምን?»

«ደቂቃ።»

እንደ መርገምት ቃል አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱን ሰዎች ከሩቅ በበትራቸው አመለከቱኝ። ጉደታ ጦሩን ይስላል፤ ዋቅጋሪ ጀርባውን ሰጥቶት ፈረሱን ያበጥራል።

«ልጄ፣ እነዚህ እውነት ተጣልተዋል?»

እዚህ ላይ ቀላሉ መልስ «አይ ኦቦ፣ ጨዋታ ነው» ማለት ነበር። ዘሩባቤልም በዓይኑ ያንኑ ይለምነኛል መሰለኝ። እኔ ግን ለስንቱ ጋሻ የዋሸሁ ሴት፣ ያን ቀን እውነት መናገር አማረኝ።

«ተጣልተዋል፣ ኦቦ። ሦስት ዓመት ሆናቸው።»

«ደም አለበት?»

«ደም የለበትም። ያልተደረሰ ለቅሶ ነው።»

ኦቦ ሆርዶፋ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ወይኔ» አሉ። «ይሄ አንዴ ቁጭ ብሎ አያልቅም።» ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ዘሩባቤል ሊናገረኝ አፉን ሲከፍት የክብር እንግዳው መኪና ጡሩምባ ተሰማና ወደዚያ ሮጠ።

የክብር እንግዳው የመጣው ሕዝቡ በፀሐይ ከቀለጠ በኋላ ነው። ንግግር አደረገ። ባህላችን ሀብታችን ነው አለ። እንደገና ባህላችን ሀብታችን ነው አለ። ነፋስ መጣና ህዳሴ ብቅ አለች፤ አንዱ ሮጦ ሸፈናት። ከዚያ ትርዒቱ ተጀመረ። ፈረሱ ሦስት ቦታ ለፎቶ ቆመ። ጥሩሰው ዱቄት ፊቱን ተቀብቶ ተኛ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም!» ተባለ፣ ዋቅጋሪ ወደቀበት፣ አለቀሰ፣ ሕዝቡ አብሮ አለቀሰ። ጉደታ ፊቱን አዞረ።

ኦቦ ሆርዶፋ ገቡ። የተዘጋጀላቸውን የፕላስቲክ ወንበር በበትራቸው ገፋ አድርገው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱንም ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ማይክ ሲቀርብላቸው «ይሄን ነገር አርቁልኝ፣ ልጆቹን ነው የማናግረው» አሉ። ሕዝቡ ለመስማት እየተጋፋ ቀረበ።

«ከሥሩ ንገረኝ» አሉ ጉደታን። «ዱጋ ብቻ። እውነት ያልገባበት እርቅ አልመርቅም፣ ለመራቂው መዘዝ ነው።»

ጉደታ የለመደውን ጀመረ። «አባቴ፣ ይህ ሰው ወንድሜን ገድሎብኛል!»

ኦቦ ሆርዶፋ ወደ ሬሳው ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ እንኳ ይተነፍሳል።» ሕዝቡ ሳቀ። ጥሩሰው ትንፋሹን ያዘ። «ስለ ለቅሶው ነው የምጠይቅህ» አሉ።

ጉደታ ደነገጠ። ወደ እኔ አየ። እኔ ሲንቄዬ ላይ ያለውን አንጓ እመረምር ነበር።

ዘሩባቤል መድረኩን ዘሎ ወጣ። «ኦቦ፣ በቃ ምርቃቱ! ምርቃቱ ብቻ! ካሜራው እየጠበቀ ነው፣ እንግዳችን ሌላ ፕሮግራም አላቸው!» ክንዳቸውን ይዞ ሊያስነሳቸው እጁን ሰደደ። ያኔ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ገብቼ መሃል ቆምኩ። ሲንቄዬን በሁለት እጄ አግድም ያዝኩ። የአናጢ ሥራ ነው፣ ቫርኒሹ እንኳ በደንብ አልደረቀም። ዘሩባቤልም ይህን ያውቃል፤ እሱ እያየ ነው ያሠራሁት። ግን የጌዶ ልጅ ነው፣ ሴት ሲንቄ ይዛ የቆመችበትን እንዳያልፍ እናቱ አሳድጋዋለች። እግሩ ተያዘ። ማይኩን ይዞ እዚያው ቆመ።

«ተናገር» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

ጉደታ ጦሩን መሬት አስቀመጠ። ድምፁ የመድረክ አልነበረም። «እናቴ ሞተች፣ አባቴ። ይሄ ሰው ከእናቴ እጅ የበላ ነው። ቂጣ በስሙ ታስቀምጥለት ነበር። መንገድ መንገድ እያየሁ ዋልኩ። እሱ በዚያ ሰዓት ጊንጪ ላይ ለጆንያ እያለቀሰ ይሸለም ነበር። ያው ፎቶው፣ እዩት።» ወደ ባነሩ አመለከተ። «በየከተማው ከኋላዬ ሰቅለው እርቅ ያስጫውቱኛል።»

ሕዝቡ ቀና ብሎ ባነሩን አየ። ማንም አልሳቀም።

«አንተስ?» አሉ ዋቅጋሪን።

ዋቅጋሪ ዓይኑን ወደ ፈረሱ ላከ። ፈረሱ እንኳ ዞር ብሎ አየው።

«የሰማሁት መድረክ ጀርባ ነው» አለ። «ፈረሱን ይዤ ስደርስ አንዱ ነገረኝ። ልሄድ ነበር። ስምህ ተጠርቷል፣ ጨርሰህ ትሄዳለህ አሉኝ። ወጣሁ። አባቴ፣ ያቀፍኩት የእቴቴን ጆንያ ነው እንጂ ያለቀስኩት አዮን ነው። እግዜር ያውቃል፣ አዮን ነው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ሕዝቡ አጨበጨበ። የክብር እንግዳው ገና መድረሱ ነበር። አላየሁም አለ። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ከመጀመሪያው አሳምሬ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ካሜራው በየት በኩል እንዳለ አይ ነበር። ሽልማቱም የተሰጠኝ ለሁለተኛው ነው።»

ጥሩሰው ሬሳነቱን ረስቶ ቀና አለ። ማንም ተኛ አላለውም።

«እጃጂ ሄጄ አዮ ደጅ ስቆም የትኛው እንባ እንደሚመጣብኝ አላወቅሁም። ፈራሁ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ሣልስቱ አለፈ። አርባው አለፈ። የዘገየ ሰው አፍሮ ይብሱን ይዘገያል፣ አባቴ።»

እኔ ሲንቄዬን እንደያዝኩ እንባዬ ወረደ፤ የሟች እናት ሆኜ ስንት ጊዜ ቆሜ ወርዶኝ አያውቅም። የክብር እንግዳው ሰዓቱን አየ፣ ተነሳ፣ አጃቢዎቹም ተነሱ። አቧራ አስነስተው ሄዱ። ዘሩባቤል በዓይኑ ሸኛቸውና ማይኩን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ምርቃቱን» አለ አንድ ሰው ከሕዝቡ።

«ምን ታርቀው ልመርቅ?» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «ለቅሶ የሚደረሰው ሜዳ ላይ አይደለም፣ ደጅ ላይ ነው። እጃጂ ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው» አልኩ።

«እንግዲህ ይሂድና ይድረስ።»

ጉደታ ራሱን ነቀነቀ። «ቢመጣስ፣ አባቴ? ያለቅሳል። ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። በምን አምነዋለሁ?»

ኦቦ ሆርዶፋ በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ። «እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ደጁ የአንተ ነው፣ ቆመህ ታያለህ» አሉ።

ፈረሱን ጌዶ አሳድረን በሚኒባሱ ሄድን። ልብሳችንን የቀየረ አልነበረም። ጉደታ ፊት፣ ዋቅጋሪ ኋላ፣ እኔና ኦቦ ሆርዶፋ መሃል፣ ጥሩሰው ዱቄቱን በነጠላው እየጠረገ ከጎናችን። መስኮት ዝጋ የሚል አልነበረም። የመኪናው ሬዲዮ ዜና ጀመረ፤ በጌዶ ሲካሄድ የዋለው ፌስቲቫል በአባቶች ምርቃት በድምቀት መጠናቀቁን ነገረን።

ኦቦ ሆርዶፋ ወደ እኔ ዞሩ። «መርቄያለሁ እንዴ?»

«በሬዲዮ መርቀዋል፣ ኦቦ።»

«ጎሽ» አሉና መንገዱን ማየት ቀጠሉ። የጋቢው ወረቀት አንገታቸው ላይ ይወዛወዛል።

የአዮ ጂቱ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። የጉደታ እህት ሃዊ በሩን ስትከፍት ጦር የያዘ ወንድሟን፣ ሬሳ የመሰለ ጥሩሰውንና ከኋላ ዋቅጋሪን አየች። ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የመጣንበት ነገር ገብቷታል። ጉደታ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ጎረቤት ወጣ። ዋቅጋሪን የማያውቀው የለም፤ «አልቃሹ መጣ» ተባባሉ። አጥሩ ላይ የነበረ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አወጣ።

ዋቅጋሪ ደጁ ላይ ደረሰ። በወጉ ከሩቅ ጀምሮ እየጮኸ መግባት ነበረበት። አልጮኸም። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ስልክ እንዳየ ፈረሳችን። ሁላችንም ጠበቅን። አፉን ከፈተ።

«አዮ» አለ።

ሌላ ነገር አልወጣውም። ዓይኑ ደረቅ ነው። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ባዶ ሆነ፣ እጆቹ የሚያርፉበት አጡ፣ አንዴ ጎኑ ላይ አንዴ ደረቱ ላይ ያደርጋቸዋል። በየከተማው እንደ ቧንቧ ከፍቶ የሚያፈሰው ሰው አንዲት ጠብታ አጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ያለው ሰው ዋቅጋሪን ያን ቀን አላየውም። ጎረቤቶች ተያዩ። አንዲት ሴትዮ «ምነው ይሄ ልጅ?» አለች። ጎረምሳው የሚቀረጽ ነገር ሲያጣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዋቅጋሪ ግን አልሄደም፣ እንደዚያው ቆሞ የቤቱን ደፍ ያያል። እኔ ፈራሁ። ሦስት ዓመት ዘግይቶ መጥቶ፣ እንባ እንኳ አላመጣም ይባላል ብዬ ፈራሁ።

ጉደታ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ እንደ ልማዱ «እቴቴ» ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ተወው። ፊቱን ወደ ዋቅጋሪ መለሰ።

«ግባ» አለው።

ጠብታዋ የወረደችው ከጉደታ ዓይን ነው። ዋቅጋሪ ደፉን ሲሻገር ትከሻው ላይ እጁን ጣል አደረገበት፤ ሃዊ ወንበር አመጣች። ኦቦ ሆርዶፋ መሬት ላይ ተቀምጠው ምርቃታቸውን ጀመሩ። ከሰባት ደቂቃ ይብለጥ ይነስ ማንም አላየም።

ኋላ ውጭ ስንሆን ጉደታን ጠየቅሁት። ባጃጁን ሳይሆን ያን በር ነው የጠየቅሁት፦ ያን ያህል ቂም ይዘህ እንዴት ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ከፈትክ አልኩት።

«እቴቴ» አለኝ፣ «ቢያለቅስ ኖሮ እዘጋበት ነበር።»